ስቱዲዮ ያማረው ሚክስ ታክሲ ውስጥ ሲበላሽ፦ ሚክስን በተለያዩ ስፒከሮች መፈተሻ ዝርዝር መመሪያ

ለአንድ የሰርግ ዘፈን ሚክስ ስሠራ (የተቀዱትን ድምፆች መጠን እያመጣጠንኩ ሳዋህድ) ያደርኩት 3 በ3 ሜትር በሆነች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ወንበሬን መሃሏ ላይ አድርጌ ነበር። ቤዙ አልሰማ ሲለኝ ፌደሩን (የድምፅ መጠን ማንሻውን) ወደ ላይ፣ አሁንም ወደ ላይ። ጠዋት ፍላሹን ለማውቀው የሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁት። የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ የበሩ መስታወት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሹፌሩ ዞሮ «ወንድሜ፣ ዘፋኙ የት ሄደ?» አለኝ። ረዳቱ ደግሞ ከኋላ፣ «ጄኔሬተር ነው እንዴ የቀዳችሁት?»

ብዙዎቻችን እንፈትሻለን፤ የምንሳሳተው አፈታተሹ ላይ ነው። ስልክ ላይ ሰምተን ቤዝ እንጨምራለን፣ መኪና ላይ ሰምተን እንቀንሳለን፣ የጓደኛ ስፒከር ላይ ሰምተን ድምጻዊውን ከፍ እናደርጋለን። በሦስተኛው ቀን ሚክሱ ከመነሻው ብሶ ይገኛል። እያንዳንዱ ስፒከር የሚመልሰው ጥያቄ አለው፣ የማይመልሰውም አለ። ስልክን ስለ ቤዝ መጠን ከጠየቃችሁት ይዋሻችኋል። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳትዘሉ ሂዱበት። ከደረጃ 2 እስከ 8 ችግሩን ጻፉት ብቻ፤ አብሮ የተሰጠውን መፍትሔ የምትሠሩበት ደረጃ 9 ላይ ስትደርሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

*ክፍላችሁን እወቁ።* ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 3 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መሃል 57 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ እየተመላለሰ ይቆማል፤ ግድግዳው ስር ይጮሃል፣ የክፍሉ መሃል ላይ ግን ይጠፋል። የእኔ ዘፈን በኤ ቁልፍ ነበር፣ የቤዙ ዝቅተኛ ኤ ደግሞ 55 ሄርዝ ነው። ማለትም ወንበሬ የተቀመጠው ቤዙ በሚጠፋበት ነጥብ ላይ ነበር። የክፍሉ ርዝመትና ወርድ እኩል ሲሆን ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚደርብ ይብሳል።

እንዲህ ፈትሹት፦

1. በምትሠሩበት ፕሮግራም 55 ሄርዝ ሳይን ቶን (ሃርሞኒክ የሌለው ንጹሕ ድምፅ) አውጡ። ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ይህ ቶን ትንንሽ ስፒከሮችን ሊጎዳ ይችላል።
2. እያጫወታችሁ ክፍሉ ውስጥ በዝግታ ተራመዱ። የት እንደሚጮህ፣ የት እንደሚጠፋ ምልክት አድርጉ።
3. በ40፣ በ70 እና በ90 ሄርዝም ድገሙት።
4. ወንበራችሁን ከመሃል አንሱ። ከፊት ለፊት ካለው ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት 38 በመቶ ያህል መራቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ በ3 ሜትር ክፍል 1.14 ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት የእንቁላል ካርቶን ለ55 ሄርዝ ምንም አይፈይድም። አትንቀሉት፣ ግን አትተማመኑበት።

*ማነጻጸሪያ ዘፈን ምረጡ።* ይህ ሚክሳችሁን ከጎኑ አድርጋችሁ የምትሰሙት፣ ተሠርቶ የወጣ ዘፈን ነው። ሁለት ይበቃል። አንዱ ከእናንተ ሥራ ጋር በምትም በመሣሪያም የሚቀራረብ ይሁን፤ ችክችካ እየሠራችሁ ከሬጌ ጋር ብታነጻጽሩ ምንም አትማሩም። በተለያየ ቦታ ደጋግማችሁ የሰማችሁት፣ የትም ቢጫወት የማያሳፍር ዘፈን ይሁን። ከዩቲዩብ ተቀድቶ በኤምፒ3 የተቀየረ ፋይል አትጠቀሙ፤ ከላይ ያለው የሃይሃት ድምፅ ቀድሞውኑ ስለተበላ እናንተም ትሬብል ትቀንሳላችሁ።

*የሚክሱንና የማነጻጸሪያውን ድምፅ እኩል አድርጉ።* ይህን ሳታደርጉ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትለፉ። ጆሮ ጮክ ያለውን ይወዳል። የወጣ ዘፈን ማስተር ስለተደረገ (ለሕትመት የመጨረሻ ዝግጅት ስላለፈ) ከእናንተ ሚክስ በብዙ ዴሲቤል ይጮሃል። የድምፅ መጠን መለኪያ ፕለጊን (በምትሠሩበት ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ መሣሪያ) ጫኑ (ዩሊን ነፃ ቅጂ አለው)፣ ሁለቱንም ለኩ፣ ከዚያ ማነጻጸሪያውን ወደ ሚክሳችሁ መጠን *ዝቅ* አድርጉ። ሚክሳችሁ ማይነስ 18 ላፍስ (ጆሮ የሚሰማው የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ ማነጻጸሪያው ማይነስ 9 ቢሆን፣ ማነጻጸሪያው 9 ዴሲቤል ይወርዳል። ሚክሱን በሊሚተር (የድምፁን ጫፍ በሚጨፈልቅ ፕለጊን) ጨፍልቃችሁ ወደ ላይ ለማድረስ አትሞክሩ። ዩቲዩብ ከማይነስ 14 ላፍስ ገደማ በላይ የጮኸውን መልሶ ያወርደዋል፤ የጨፈለቃችሁት ከበሮ ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል።

*ፋይሉን አውጡ።* 24 ቢት ዋቭ፣ ከፍተኛው ጫፍ (ትሩ ፒክ) ከማይነስ 1 ዴሲቤል የማያልፍ። ስሙ ላይ ቁጥር ይኑረው፦ «ሚክስ 4»። «ፍጻሜ»፣ «የመጨረሻ ፍጻሜ» እያላችሁ ከሰየማችሁ የትኛውን እንደሰማችሁ ትረሳላችሁ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ እንጂ በድምፅ መልእክት እየቀዳችሁ አትላኩ።

*ስልኩንና ቴሌቪዥኑን አጽዱ።* የስልኩን ኢኩዋላይዘር፣ ዶልቢ አትሞስ እና ሌላ «ድምፅ ማሳመሪያ» የሚባለውን ሁሉ አጥፉ። ቴሌቪዥኑን ወደ መደበኛ የድምፅ ምርጫ መልሱ። የታክሲው ቴፕ ላይ ግን እጃችሁን አታሳርፉ፤ ተሳፋሪው የሚሰማው ሹፌሩ ባስተካከለው ነው።

*ደብተር ያዙ።* ገጹን በአራት አምድ ክፈሉት፦ የት ሰማሁ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ምን ሰማሁ፣ ማነጻጸሪያውስ እዚያው ላይ እንዴት ነበር? አራተኛው አምድ ባዶ ከሆነ ማስታወሻው ዋጋ የለውም። ማነጻጸሪያውም በዚያ ስፒከር ላይ ቤዝ ከሌለው ችግሩ የስፒከሩ ነው።

በመጨረሻ ተኙ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሚክስ ጨርሶ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መፈተሽ የለም።

ደረጃ 2፦ በዝቅተኛ ድምፅ

በራሳችሁ ሞኒተር (የስቱዲዮ ስፒከር) ላይ፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ሊያወራችሁ በሚችልበት መጠን ስሙ። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ቤዝንና ትሬብልን ያሳንሳል፣ መሃሉ ብቻ ይቀራል። በዚህ መጠን ድምጻዊውና የምቱ መሠረት ሊሰሙ ይገባል። ኪቦርዱ ድምጻዊውን ከሸፈነው ድምጻዊውን ከመጨመራችሁ በፊት ኪቦርዱን 1 ዴሲቤል ቀንሱ። ቀጥሎ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ወጥታችሁ ከኮሪደር ስሙ። እዚያ ሆናችሁ ድንገት ዘሎ የሚወጣ ነገር ካለ፣ ብዙ ጊዜ ስኔር ወይም የሳክስፎን ማጀቢያ፣ ጻፉት።

ደረጃ 3፦ ሞኖ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ሞኖ ማለት ግራና ቀኙ ተደምሮ እንደ አንድ ድምፅ ሲወጣ ነው። ብዙ የብሉቱዝ ስፒከር ሞኖ ነው፤ የካፌና የአዳራሽ ድምፅም በብዛት እንደዚያው። ግራና ቀኙ ሲደመር የሚጠፋ ድምፅ ካላችሁ አድማጩ ጨርሶ አያገኘውም።

1. ማስተር ትራኩ (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ የሚያልፍበት) ላይ ሞኖ የሚያደርግ ፕለጊን አስገቡ።
2. አንዱን ሞኒተር አጥፉ። ሞኖን በሁለት ስፒከር መስማት ራሱ መሃሉን ያዛባዋል፤ በአንድ ብቻ ስሙ።
3. ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ እየቀያየራችሁ እያንዳንዱን መሣሪያ ተከታተሉ። ትንሽ መቀነስ የሚጠበቅ ነው። ባዶ መሆን ወይም በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚወራ መሆን ግን ስህተት ነው።

*መሣሪያው ከጠፋ፦* ሦስት የተለመዱ መነሻዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ማስፊያ» ፕለጊን ነው። አዝማቹ ላይ ተቀባዮቹን ለማስፋት የገባው ብዙ ጊዜ ሞኖ ላይ ይበላቸዋል። አውጡት፤ በምትኩ ተቀባዮቹን ደግማችሁ ቅዱና አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ አድርጉ። ሁለት ጊዜ የተዘፈነ ድምፅ ፈጽሞ አንድ ስለማይሆን ሲደመር አይጠፋፋም። አንዱን ቅጂ ኮፒ አድርጎ በጥቂት ሚሊሰከንድ ማዘግየት ግን መፍትሔ አይደለም፤ እሱ ራሱ ሌላው በሽታ ነው።

ሁለተኛው የኪቦርድ ስቴሪዮ ድምፅ ነው። ብዙ የፓድና የስትሪንግ ድምፆች ሰፍተው እንዲሰሙ ተደርገው ነው የሚመጡት። ግራውን ብቻ ወስዳችሁ ሞክሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሦስተኛው ክራር ላይ ይደርሳል። ክራሩን በፒክአፕ መስመርም በማይክም አንድ ላይ ቀድታችኋል እንበል። ማይኩ 34 ሴንቲሜትር ቢርቅ ድምፁ ማይኩ ጋ የሚደርሰው 1 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ሁለቱ በእኩል መጠን ሲደመሩ 500 ሄርዝ አካባቢ ይቦረቡራል፣ ከዚያ 1500፣ እያለ ይሄዳል። ለዚህ ነው ለየብቻ ያማረው ክራር አብሮ ሲሆን ቀጥኖ እንደ አሻንጉሊት የሚሰማው። ሁለቱን ትራኮች አጉሉና የአንድ ምት መነሻ ላይ አስተያዩ፤ የዘገየውን ቀድሞ እንዲጀምር ወደ ግራ ስቡ። ከዚያ የፖላሪቲ ቁልፉን (የድምፁን ሞገድ ላይ ታች የሚገለብጠውን) በአንዱ ላይ ገልብጡ። ክራሩ ሞልቶ የሚሰማበትን ምረጡ። አሁንም ካልተስማሙ ከሁለቱ አንዱን አጥፉ፤ እኔ ብዙ ጊዜ ማይኩን አስቀርቼ መስመሩን አጠፋለሁ።

ደረጃ 4፦ ኢርፎን

ስልክ ጋር የሚመጣውን ዓይነት ርካሽ ኢርፎን ተጠቀሙ። እዚህ የምትጠይቁት ስለ ዝርዝር ነው፦ የትንፋሽ ድምፅ፣ የተቆረጠ ቅጂ መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ጠቅታ፣ የሪቨርብ (የማስተጋቢያው) ጅራት፣ የሰ፣ የሸ፣ የጸ መፋጨት። ጸ ጆሮ ከወጋ ዲኤሰሩን (እነዚህን የሚያለዝበውን ፕለጊን) ከ5 እስከ 8 ሺህ ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ፈልጉት። ስለ ቤዝ መጠንና ስለ ስቴሪዮ ስፋት ኢርፎንን አታማክሩ፤ ሁለቱንም ያጋንናል ወይም ያሳንሳል፣ እንደ ጆሮ መግጠሙ።

ደረጃ 5፦ ስልክ

ብዙ አድማጭ ዘፈናችሁን መጀመሪያ የሚያገኘው እዚህ ነው፣ ብዙ ስህተትም የሚሠራው እዚሁ ነው።

*ከመስማታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ፦* የስልክ ስፒከር 55 ሄርዝን አያወጣም። 100 ሄርዝንም በቅጡ አያወጣም። ስለዚህ ስልክ ላይ ቤዝ አልሰማ ሲል የቤዙን ፌደር አትንኩ። 6 ዴሲቤል ብትጨምሩ ስልኩ ላይ ምንም አይለወጥም፤ ታክሲው ውስጥ ግን መስታወት ይነቅላል። ታሪኬን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ታዲያ ጥሩ ዘፈኖች ስልክ ላይ የቤዝ መስመራቸው የሚሰማው እንዴት ነው? 55 ሄርዝ የሆነ ኖት ከላዩ 110፣ 165፣ 220፣ 275፣ 330 እያለ ሃርሞኒክ ይዞ ይመጣል። ስልኩ የላይኞቹን ያወጣል፣ የጎደለውን ዝቅተኛ ኖት አንጎል ራሱ ይሞላዋል። የእናንተ ቤዝ ንጹሕ የኪቦርድ ሳይን ከሆነ የሚሞላበት ፍንጭ የለውም። ፍንጩን እናንተ ስጡት፦

1. የቤዝ ትራኩን ኮፒ አድርጉ። ዋናውን አትንኩት።
2. ግልባጩ (ኮፒው) ላይ ሳቹሬሽን ወይም ዲስቶርሽን ፕለጊን (ድምፁን አሻክሮ ሃርሞኒክ የሚጨምር) አስገቡና ጠንከር አድርጉት።
3. ከሱ በኋላ ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን በሃይ ፓስ ፊልተር ቁረጡ። ለብቻው አስቀያሚ ቢሆን አትደንግጡ።
4. ከ2 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን በሎው ፓስ ቁረጡ።
5. ፌደሩን ዘግታችሁ፣ ስልኩ ላይ የቤዙን ኖቶች ማንጎራጎር እስክትችሉ ድረስ ብቻ ክፈቱ። በየጊዜው ፋይል አውጥታችሁ ስልኩ ላይ ስሙ፤ በግምት አይሆንም።
6. ወደ ሞኒተር ተመለሱ። ቤዙ ሲንኮሻኮሽ ከተሰማችሁ አብዝታችኋል፤ 2 ዴሲቤል መልሱ።
7. የግልባጩን ፖላሪቲ ገልብጣችሁ ሞክሩ። ፊልተሩ ፌዙን ስለሚያዛውር በአንዱ አቅጣጫ ቤዙ ሊቀጥን ይችላል።

ከበሮም እንደዚሁ ነው። ትልቁ ቆዳ የሚሰጠው ጉምታ ስልክ ላይ የለም፤ የሚቀረው የትንሹ ቆዳ ድምፅና የመዳፍ ጥፊ ነው። በእነሱ ብቻ ችክችካው መከተል ከተቻለ አልፏል። ካልተቻለ ከ2 እስከ 4 ሺህ ሄርዝ አካባቢ 2 ዴሲቤል ጨምሩለት።

*የቃል ፈተና።* ግጥሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ጥሩ። እኔ እናቴን ነው የምጠቀመው፤ ቡና እየቆላች ስልኩን ጀበናው አጠገብ አኖርላታለሁ። አንድ ስንኝ ሲያልቅ አስቁሙና «ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አማርኛ ዘፈን ላይ ቶሎ የሚሞቱት ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጰ ናቸው። «ቅር» እንደ «ክር»፣ «ጠራ» እንደ «ተራ» ከተሰማ ሰምና ወርቁ አብሮ ሄደ ማለት ነው። የድምጻዊው ኮምፕረሰር (ጮክ ያለውን የሚጫነው ፕለጊን) አታኩ፣ ማለትም መጫን እስኪጀምር የሚወስደው ጊዜ፣ 1 ሚሊሰከንድ ላይ ከሆነ ፍንዳታውን እየበላው ነው፤ ወደ 10 ወይም 20 ውሰዱት። ያ ካልበቃ ሪቨርቡ ከቃሉ ከ30 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ እንዲጀምር ፕሪዲሌይ ስጡት። ከዚያም በኋላ ካልሆነ መሰንቆውን ተጠራጠሩ። መሰንቆና ድምጻዊ አንድ መንደር ነው የሚኖሩት፤ ድምጻዊው ሲዘፍን መሰንቆውን 2 ዴሲቤል ዝቅ፣ ሲያርፍ መልሱት።

ስልኩን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አያያዝ ስሙ። ጠረጴዛ ላይ ማስተኛትና በእጅ መያዝ ድምፁን ይለውጠዋል።

ደረጃ 6፦ የብሉቱዝ ስፒከር

በግማሽ ድምፅ አንዴ፣ በሙሉ ድምፅ አንዴ ስሙ። ብዙዎቹ ድምፁ ሲጨምር ራሳቸውን ለመጠበቅ ቤዙን ይቀንሳሉ፤ ያ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ኪኩ (በእግር የሚመታው የድራም ከበሮ) በመታ ቁጥር ድምጻዊው ወደ ኋላ የሚጎተት ከሆነ ከታች የማያስፈልግ ጭነት አለ። ከ30 ሄርዝ በታች ያለውን ከቤዝና ከኪክ ቁረጡ፤ ከጊታር፣ ከኪቦርድና ከድምጻዊው ላይ ደግሞ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ በታች ያለውን።

ደረጃ 7፦ መኪና

1. መኪናው ቆሞ ስሙ። እየነዳችሁ ማስታወሻ አትጻፉ፣ ስልክም አትነካኩ።
2. ታክሲ ከሆነ ሹፌሩን ተራ ሲጠብቅ ለምኑት፤ ሥራ ላይ ያለ ሹፌር ሁለት ጊዜ አያስተናግዳችሁም።
3. መጀመሪያ ማነጻጸሪያውን፣ ከዚያ የእናንተን። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።
4. ሞተር ጠፍቶ፣ ከዚያም ሞተር ተነሥቶ ስሙ። በመሰንቆ ወይም በዋሽንት ብቻ የሚጀምር መግቢያ ሞተር ሲነሣ ከጠፋ መግቢያውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ አድርጉ።
5. ከፊትም ከኋላ ወንበርም ስሙ።

እዚህ የቤዝ መጠንን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ከማነጻጸሪያው ጋር ብቻ። ሁለቱም የሚያንቀጠቅጡ ከሆነ ሹፌሩ ነው የወደደው። የእናንተ ብቻ ካንቀጠቀጠ ወደ ክፍላችሁ ተመልሳችሁ ወንበራችሁን እንደገና መርምሩ። አንድ ኖት ብቻ ተለይቶ የሚጮህ ከሆነ አጠቃላይ ቤዙን አትቀንሱ፤ ያንን ኖት በጠባብ ኢኪው (ኢኩዋላይዘር) ፈልጋችሁ 2 ወይም 3 ዴሲቤል አውርዱ።

ደረጃ 8፦ ትልቅ ሳውንድ

የሰርግ አዳራሽ ሳውንድ ሰው የምታውቁ ከሆነ እንግዳ ሳይገባ 1 ደቂቃ ያጫውትላችሁ። ከሰብዉፈሩ ፊት አትቁሙ፤ አዳራሹ መሃል ሂዱ። ካላገኛችሁ ማስተሩ ላይ ከ100 ሄርዝ በላይ ያለውን ቆርጣችሁ የቀረውን በሞኒተር ወይም በጥሩ ሄድፎን ስሙ። ኪክ፣ ቤዝና ከበሮ እንደ አንድ ጉርምርምታ ከሆኑ ቦታ አልተከፋፈሉም። አንዱ ታች ይኑር፣ ሌሎቹ ትንሽ ይውጡለት።

ደረጃ 9፦ ደብተሩን ማንበብ

ሁሉም ከተሰማ በኋላ እንጂ በመሃል ምንም አታስተካክሉ። ከዚያ ቁጠሩ። አንድ ስፒከር ብቻ ያማረረው የስፒከሩ ነው፤ ተዉት። ሁለት ቦታ የተደገመውን በሞኒተር ላይ ፈልጉት፣ ካገኛችሁት አስተካክሉ። ሦስት ቦታ የተደገመ ባይሰማችሁም አስተካክሉ፤ ክፍላችሁ እየደበቃችሁ ነው። ከዚህ ሕግ ውጭ የሚሆነው ሞኖ ላይ የጠፋ መሣሪያና ያልተሰማ ቃል ብቻ ነው፤ እነዚህ አንድ ጊዜ ቢታዩም ይስተካከላሉ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ለውጡ፣ ከ1 እስከ 3 ዴሲቤል። ከ4 ዴሲቤል በላይ ካስፈለገ ችግሩ ሚክሱ ላይ ሳይሆን ቅጂው ወይም ቅንብሩ ላይ ነው።

መንገድ ላይ ከተደናገራችሁ

*ሁሉም ቦታ ደብዛዛ፣ ስቱዲዮ ግን ጥርት ያለ፦* ሞኒተራችሁ በትሬብሉ ያጋንናል፣ ወይም ጀርባው ላይ ያለው የትሬብል ማስተካከያ ተነክቷል። እዩት።

*ዋቩ ደህና፣ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ የሚንኮሻኮሽ፦* ጫፉ ዜሮ ነክቷል። ትሩ ፒኩን ወደ ማይነስ 1 አውርዳችሁ እንደገና አውጡ።

*ማነጻጸሪያው ሁልጊዜ የሚበልጣችሁ፦* ድምፃቸው እኩል መሆኑን ድጋሚ ለኩ። እኩል ከሆነና አሁንም ከበለጠ የተጫዋቾቹን ቁጥር ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ እነሱ ዘንድ 8 የሆነው እናንተ ዘንድ 20 ነው።

*ጆሮ ከደከመ፦* በሁለት ሰዓት ሥራ መሃል 15 ደቂቃ ውጡ። ጭር ያለ ቦታ፣ ያለ ሙዚቃ።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛ ዙር

አዲሱን ቅጂ በአዲስ ቁጥር አውጡና ሞኖ፣ ስልክና መኪና ላይ ብቻ ድገሙት። የቀረውን መድገም አያስፈልግም። ስልኩ «ቤዝ ጨምር»፣ ታክሲው «ቤዝ ቀንስ» ካሏችሁ፣ የቀረውም ቅሬታ እርስ በርሱ የሚጣረስ ከሆነ ሚክሱ መሃል ላይ ደርሷል። ማስተሩ ላይ ያለውን ሊሚተር አንሱ፣ ፋይሉን ከሁለቱ ማነጻጸሪያዎች ጋር ለማስተሪንግ ላኩ፣ ፕሮጀክቱንም ዝጉት።